ፕላኔታሪየምና የተግባር ሳይንስ ሙዚየም በኢትዮጵያ

ፕላኔታሪየም በጉልላት ጣሪያ ላይ የከዋክብትን፣ የፕላኔቶችን፣ የፀሐይንና የጨረቃን ምስል በብርሃን በመሳል ሰማይ በአንድ ቦታና ጊዜ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ አዳራሽ ነው። የተግባር ሳይንስ ሙዚየም ደግሞ ጎብኚው ዕቃዎቹን ከመስታወት ጀርባ ከማየት ይልቅ በእጁ እየነካ፣ እያዞረና እየሞከረ የሚማርበት ቦታ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ይገኛሉ፤ ዓላማቸውም አንድ ነው፦ በመጽሐፍ የተነበበውን በዓይን ማሳየትና በእጅ ማስፈተን።

በኢትዮጵያ ይህን ዓላማ ይዞ የተሠራው ትልቁ ተቋም በአዲስ አበባ የሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ ዋና ከተማ በማንኩሽ ለሚማር ተማሪ ግን ሙዚየሙ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የመንገድ ጉዞ ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ያብራራል። አንደኛው እነዚህ ተቋማት እንዴት እንደተጀመሩ፣ እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚጎበኙ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጉልላት በሌለበት ከተማ ያለ ተማሪ በራሱ ሰማይ ሥር የትኞቹን ሙከራዎች ሊያደርግ እንደሚችል ነው።

አጀማመር

ከፕላኔታሪየም በፊት የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ የሚያሳዩ ሜካኒካል ሞዴሎች ነበሩ። በኔዘርላንድስ ፍራኔከር ከተማ አይዘ አይዚንጋ የተባለ ሱፍ አበጣሪ እ.ኤ.አ. ከ1774 እስከ 1781 ድረስ በመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ በጥርስ ማርሽ የሚንቀሳቀስ የፀሐይ ሥርዓት ሞዴል ሠራ። ሞዴሉ ዛሬም ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በጉልላት ላይ ከዋክብትን በብርሃን የሚያሳየው ፕላኔታሪየም የመጣው በጀርመን ነው። በሙኒክ የሚገኘው የጀርመን ሙዚየም መሥራች ኦስካር ፎን ሚለር ለጎብኚዎች ሰማይን የሚያሳይ መሣሪያ እንዲሠራለት የዛይስ ኩባንያን ጠየቀ። የኩባንያው መሐንዲስ ቫልተር ባወርስፌልድ ጉልላቱን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ጉልላቱ ሳይነቃነቅ መሐሉ ላይ የሚቆመው ፕሮጀክተር እንዲዞር የሚያደርግ ንድፍ አወጣ። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1923 በሙኒክ ለሕዝብ ታየ፤ በግንቦት 1925 ደግሞ በሙዚየሙ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ቋሚ ሥራውን ጀመረ።

የዚህ የመጀመሪያ ማሽን ትልቁ ጉድለት ማሳየት የሚችለው ከሙኒክ ኬክሮስ የሚታየውን ሰማይ ብቻ መሆኑ ነበር። በሙኒክ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 48 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲታይ፣ በማንኩሽ ግን የሚታየው በ11 ዲግሪ ከፍታ ብቻ ነው። የጀርመኑ ማሽን ማንኩሽ ቢመጣ ኖሮ የሚያሳየው የሌላ አገር ሰማይ ይሆን ነበር። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከየትኛውም የምድር ክፍል የሚታየውን ሰማይ ማሳየት የሚችል ሁለተኛ ሞዴል ሠራ፤ ፕላኔታሪየም በዓለም ዙሪያ የተስፋፋውም ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ የቺካጎው አድለር ፕላኔታሪየም እ.ኤ.አ. በ1930 ተከፈተ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ መጠን ፕላኔታሪየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 በጆሃንስበርግ ሥራ ጀመረ። በሰሜን አፍሪካ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ከፕላኔታሪየሙ ጋር የሳይንስ ማዕከል አለው።

የተግባር ሳይንስ ሙዚየም በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር በሳን ፍራንሲስኮ ኤክስፕሎራቶሪየምን ሲከፍት ነው። የእሱ ሐሳብ ጎብኚው ራሱ ሞካሪ እንዲሆን ነበር፦ ማስረጃው ጽሑፉ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይገኝ፣ ውጤቱም በጎብኚው እጅ ይለዋወጥ የሚል ነው።

ፕላኔታሪየም እንዴት ይሠራል?

የቀድሞዎቹ ፕላኔታሪየሞች ሥራ በብርሃንና በማርሽ ላይ የተመሠረተ ነው። በአዳራሹ መሐል የሚቆመው ኳስ በውስጡ ኃይለኛ አምፖል፣ በዙሪያው ደግሞ ሌንሶችና የከዋክብቱ ቦታ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተመለከተባቸው ሳህኖች አሉት። በየቀዳዳው የሚያልፈው ብርሃን ጉልላቱ ላይ ኮከብ ሆኖ ያርፋል። ኳሱ ሲዞር ከዋክብቱ ከምሥራቅ ወጥተው ወደ ምዕራብ ይጠልቃሉ። ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የየራሳቸው ፕሮጀክተርና የማርሽ ጥምርታ ስላላቸው በከዋክብቱ መካከል ቦታቸውን ይለዋውጣሉ።

ዛሬ አብዛኛው አዲስ ፕላኔታሪየም ዲጂታል ነው። ኳሱን የተካው ኮምፒውተርና አንድ ወይም ከአንድ በላይ ቪዲዮ ፕሮጀክተር ነው። ሥራው በአራት ደረጃ ሊገለጽ ይችላል፦

1. ኮምፒውተሩ የከዋክብት ዝርዝር ይይዛል። በጣም ጥሩ ዓይን ያለው ሰው በጨለማ ቦታ ሊያያቸው የሚችላቸው ከዋክብት በመላው ሰማይ ወደ 9,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ የኅዋ መንኩራኩር ያዘጋጀችው ዝርዝር ግን 1.8 ቢሊዮን ያህል ይዟል።

2. ተመልካቹ ያለበት ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁም ቀኑና ሰዓቱ ይገባል። ፕሮግራሙ ከዚህ ተነስቶ እያንዳንዱ ኮከብ በዚያች ደቂቃ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለና በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ ያሰላል።

3. ይህ የጉልላት ቦታ ወደ ጠፍጣፋ ክብ ሥዕል ይለወጣል። የክቡ መሐል አናታችን ላይ ያለውን ነጥብ ሲወክል፣ ጠርዙ አድማሱን ይወክላል። አንድ ኮከብ ከመሐሉ የሚርቀው ከአናት ባለው ርቀት ልክ ነው። ለምሳሌ የክቡ ግማሽ ወርድ 2,000 ፒክስል ቢሆን፣ በማንኩሽ ከአድማስ 11 ዲግሪ ላይ ያለው የሰሜን ኮከብ ከአናት 79 ዲግሪ ስለሚርቅ፣ 2,000 × 79 ÷ 90 ወይም ከመሐል 1,756 ፒክስል ያህል ርቆ ይሳላል፤ ማለትም ጠርዙ አጠገብ ነው።

4. ሥዕሉ በዓሣ ዓይን ሌንስ ወይም በብዙ ፕሮጀክተሮች ቅንጅት ጉልላቱ ላይ ይዘረጋል። ስሌቱ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ተመልካቹ ሰማዩ ሳይቆራረጥ ሲንቀሳቀስ ያያል።

የዲጂታሉ ጥቅም ከምድር መነሳት መቻሉ ነው። ቦታውን ከማንኩሽ ወደ ማርስ፣ ጊዜውንም ከዛሬ ወደ 1,000 ዓመት በፊት መቀየር ቁጥር የመለወጥ ያህል ነው። በሌላ በኩል ጥሩ የኦፕቲክስ ኳስ የሚሰጠው የጠለቀ ጥቁረትና የከዋክብት ጥራት በቪዲዮ ፕሮጀክተር በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ አንዳንድ አዳራሾች ሁለቱንም አጣምረው ይጠቀማሉ።

በኢትዮጵያ የሚገኙ ተቋማት

የሳይንስ ሙዚየም፣ አዲስ አበባ። ሙዚየሙ በወዳጅነት አደባባይ አቅራቢያ በ6.78 ሄክታር መሬት ላይ የተሠራ ሲሆን፣ መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ተመረቀ። ዋናው ሕንፃ ክብ ቅርጽ አለው፤ በውስጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የሮቦቲክስ፣ የሳይበር ደኅንነት፣ የጤናና የፋይናንስ ቴክኖሎጂን የመሳሰሉ መስኮች የሚታዩባቸው ክፍሎች ተዘጋጅተዋል። ከእሱ ሌላ በጉልላት ቅርጽ የተሠራ የትዕይንት አዳራሽ አለ። ምስሉ በተመልካቹ ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከላይና ከጎን ስለሚከበው፣ አሠራሩ ከላይ ከተገለጸው የዲጂታል ፕላኔታሪየም ጋር ተመሳሳይ መርህ ይከተላል።

የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ። ፕላኔታሪየም የሰማይን ሥዕል ሲያሳይ፣ ኦብዘርቫቶሪ ግን እውነተኛውን ሰማይ በቴሌስኮፕ የሚመለከት የምርምር ጣቢያ ነው። ብዙ ጎብኚ ሁለቱን ስለሚያምታታ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። በእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ጣቢያው በይፋ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ ለመመሥረቱ ትልቁን ድርሻ የተወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ኅዋ የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያም የሚገኘው እዚያው እንጦጦ ነው። የአዲስ አበባ መብራት እየሰፋ መሄዱ ግን ለቴሌስኮፖቹ ፈተና ነው፤ የከተማ ብርሃን ወደ ላይ ሲረጭ ደብዛዛ ከዋክብትን ይሸፍናል።

ብሔራዊ ሙዚየም፣ አዲስ አበባ። ይህ የተግባር ሙዚየም አይደለም፤ ነገር ግን የሳይንስ ጉብኝት ያለ እሱ አይሟላም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የምትታወቀው በዚህ ሙዚየም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም የአገሪቱን አእዋፍና አጥቢ እንስሳት ያሳያል።

የስቴም ማዕከላት። ስቴም የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርትን በአንድነት የሚጠራ ቃል ነው። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎችና ከትምህርት ቤቶች ጋር በመተባበር በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ማዕከላትን አቋቁሟል፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው የፎቃ ማዕከልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ይጠቀሳሉ። እነዚህ ከሙዚየም ይልቅ ወደ ቤተ ሙከራ ያዘነብላሉ፦ ተማሪው ወረዳ ይገጣጥማል፣ ፕሮግራም ይጽፋል፣ በማይክሮስኮፕ ያያል። ለክልል ተማሪ በርቀት የሚቀርበው የተግባር ሳይንስ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጉብኝትን ትምህርት ማድረግ

ከሩቅ የሚመጣ ክፍል በሙዚየም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የጉዞው ዋጋ ደግሞ ለወላጅም ለትምህርት ቤትም ከባድ ነው። ያ ጊዜ በፎቶ ማንሳት ብቻ እንዳያልቅ የሚከተሉት ይረዳሉ።

ከጉዞው በፊት፦ የመግቢያ ሰዓትን፣ ክፍያንና የቡድን ምዝገባን ከተቋሙ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከሩቅ ለሚነሳ ቡድን የመንገዱን ሁኔታም አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፉ ያልገባውን አንድ ጥያቄ ጽፎ ይያዝ። «ጨረቃ ለምን ቅርጿን ትለዋውጣለች?» ብሎ የገባ ተማሪ፣ ምንም ጥያቄ ሳይዝ ከገባው የበለጠ ይዞ ይወጣል።

በጉልላቱ ውስጥ፦ ቀደም ብሎ መግባት ዓይን ከጨለማው ጋር እንዲላመድ ያደርጋል። ዓይን በደንብ እስኪላመድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በመሐል የሚበራ አንድ የስልክ መብራት የሁሉንም ዓይን ወደ ኋላ ይመልሳል። ምስሉ በፍጥነት ሲዞር አንዳንድ ሰው የማጥወልወል ስሜት ይሰማዋል፤ ለጥቂት ሴኮንድ ዓይንን መጨፈን ይበቃል፤ የሚንቀሳቀሰው ሥዕሉ እንጂ ወንበሩ አይደለምና። አስረጂ ካለ «የእኛን ከተማ ሰማይ ያሳዩን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መሣሪያው ዲጂታል ከሆነና ፕሮግራሙ ከፈቀደ ሥራው ሁለት ቁጥር መቀየር ነው።

በተግባር ክፍሎቹ፦ መጀመሪያ ውጤቱን መገመት፣ ከዚያ መሞከር፣ ከዚያ ጽሑፉን ማንበብ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሙከራው የጽሑፉ ማስጌጫ ይሆናል። ከሁሉም ዕቃ ጋር ለመድረስ ከመሯሯጥ በሦስት ወይም በአራት ዕቃ ላይ በቂ ጊዜ መውሰድ ይሻላል።

ከጉዞው በኋላ፦ ያልሄዱት ተማሪዎች ከሄዱት ይበዛሉ። ስለዚህ የሄደው ቡድን ያየውን አንድ ሙከራ በአካባቢው በሚገኝ ዕቃ ሠርቶ ለሌሎቹ ቢያሳይ ጉብኝቱ ለመላው ትምህርት ቤት ይደርሳል።

ጉልላት በሌለበት፦ የማንኩሽ ሰማይ

ማንኩሽ በሰሜን ኬክሮስ 11.3 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁጥር በከተማዋ ሰማይ ላይ የሚታየውን ብዙ ነገር ይወስናል። ብዙ የሳይንስ ሥዕሎች የተሠሩት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሆነው ለሚያዩ ሰዎች ነው። በእነዚያ አገሮች የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት፣ የሰሜን ኮከብም ከፍ ብሎ ይታያል። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ወደ ውጭ ሲወጣ ሰማዩ ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም። የተሳሳተው ሰማዩ አይደለም፤ ተማሪውም አይደለም፤ ሥዕሉ የሌላ ኬክሮስ ስለሆነ ነው። የሚከተሉት ሙከራዎች ይህን ልዩነት በእጅ ያሳያሉ።

ጥላ የሚጠፋበት ቀን

በሁለቱ ትሮፒኮች መካከል በሚገኝ ማንኛውም ቦታ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። በዚያች ቅጽበት ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላው ከሥሩ ይገባል። ይህ በማንኩሽ ሚያዝያ 11 ወይም 12 ቀንና ነሐሴ 17 ወይም 18 ቀን ገደማ፣ በአሶሳ ሚያዝያ 8 ቀንና ነሐሴ 21 ቀን ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ሚያዝያ 5 ቀንና ነሐሴ 24 ቀን ገደማ ይሆናል። ነሐሴ ደመናማ ስለሆነ የሚያዝያው ይመረጣል።

ሰዓቱም ትምህርት አለው። የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ማንኩሽ ከዚያ ወደ ምዕራብ በ10 ዲግሪ ያህል ትርቃለች፤ ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በሚያዝያ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ38 ወይም ከ39 ደቂቃ ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ትደርሳለች።

ለሙከራው 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ቱምቢና ደልዳላ መሬት ይበቃል። ከሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ በመጀመር የጥላውን ጫፍ በየ5 ደቂቃው በጠጠር ምልክት ማድረግ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ሙከራው ቢደገም ሌላ ነገር ይታያል፦ በእነዚህ ወራት የማንኩሽ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በቀሪዎቹ ወራት ወደ ሰሜን።

የምድርን ዙሪያ መለካት

ይኸው ሙከራ በሁለት ከተሞች በአንድ ቀን ቢሠራ ምድርን ለመለካት ያስችላል። ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ያደረገው ይህንኑ ነው። በማንኩሽ ጥላ በሚጠፋበት ቀን፣ በአዲስ አበባ ቀትር ላይ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ 2.25 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ነው። ሁለቱ ከተሞች በሰሜን–ደቡብ አቅጣጫ ብቻ ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ 360 ÷ 2.25 = 160፤ 160 × 250 = 40,000 ኪሎ ሜትር። ትክክለኛው የምድር ዙሪያ በምሰሶዎቹ በኩል 40,008 ኪሎ ሜትር ነው። በጥላው ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ስህተት ግን ውጤቱን በ2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛባዋል፤ ተማሪዎች መለኪያን ደጋግሞ መውሰድ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚረዱትም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ምልክቶች በአንድ ሌሊት

እጅን ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በማንኩሽ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ ከአንድ ቡጢ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ለማየት በሰሜን በኩል ተራራና ዛፍ የማይከልለው ቦታ ያስፈልጋል። የኮከቡ ከፍታ ከኬክሮሱ ጋር እኩል ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ያነሰ ነው። በግንቦት ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊትን ወደ ደቡብ ቢያዞሩ ደግሞ የደቡብ መስቀል የተባሉት አራት ደማቅ ከዋክብት ይታያሉ። የሰሜን ኮከብንና የደቡብ መስቀልን ከአንድ ቦታ ማየት በሙኒክ ላለ ሰው አይቻልም። ከማንኩሽ የሚሰወረው የሰማይ ክፍል በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለው ትንሽ ክብ ብቻ ነው። በትናንሽ ከተሞች ዳርቻ የመብራት ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ ፍኖተ ሐሊብም በአዲስ አበባ ከሚታየው በተሻለ ጎልቶ ይታያል።

የሚዞረው ፔንዱለም

ብዙ የሳይንስ ሙዚየሞች ከከፍተኛ ጣሪያ የተንጠለጠለ ከባድ ኳስ አላቸው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1851 ሊዮን ፉኮ በፓሪስ ያሳየው ፔንዱለም ሲሆን፣ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ቀስ በቀስ መዞሩ ምድር በዛቢያዋ ላይ እንደምትዞር ያረጋግጣል። በፓሪስ አንድ ሙሉ ዙር 32 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በማንኩሽ ቢተከል ግን አምስት ቀን ያህል፣ በአዲስ አበባ ስድስት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ወደ ምድር ወገብ በተጠጋ ቁጥር እየዘገየ፣ በወገቡ ላይ ጨርሶ አይዞርም።

ግድቡ እንደ ሳይንስ ማሳያ

በጉባ ወረዳ የሚገኘው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዋናው ግድብ 145 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በየተግባር ሙዚየሙ ከሚገኙት ዕቃዎች አንዱ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ነው፦ ልጁ መዘውሩን ሲያዞር አምፖሉ ይበራል፣ ሁለተኛ አምፖል ሲጨመርበት መዘውሩ ይከብዳል። በግድቡ ውስጥ ያሉት 13 ተርባይኖች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው፤ በእጁ ፋንታ የሚያዞራቸው የሚወድቅ ውሃ ነው።

ስሌቱ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ አይደለም። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከ130 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ 1,000 × 9.8 × 130 = 1,274,000 ጁል ጉልበት ይሰጣል። ከዚህ 90 በመቶው ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ፣ አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ለ32 ሰዓት ያህል ያበራል። አምስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ውሃ ማለት ነው። ውሃ የቀዳ ልጅ ይህን ቁጥር ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከአሮጌ ሬዲዮ ወይም ከመጫወቻ መኪና በተገኘ ትንሽ ሞተር፣ በኤልኢዲ አምፖልና ከፕላስቲክ ጠርሙስ በተቆረጡ ክንፎች በቧንቧ ውሃ የሚዞር ትንሽ ተርባይን በክፍል ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ሞተር ሲያዞሩት ጄኔሬተር ይሆናልና።

ተንቀሳቃሽ ጉልላትና ነፃ ሶፍትዌር

ጎብኚው ወደ ጉልላቱ መሄድ ካልቻለ ጉልላቱ ወደ ጎብኚው ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ፊሊፕ ሳድለር የተባለ አሜሪካዊ መምህር በአየር ማራገቢያ የሚነፋ የጨርቅ ጉልላት ሠራ። ዛሬ በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ጉልላት በመኪና ተጭኖ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዘዋወራል። 5 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጉልላት 25 ያህል ተማሪ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ የሚያስፈልገው ሰፊ አዳራሽ፣ ማራገቢያ፣ ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተርና መብራት ነው። ውድ የሆነውን የዓሣ ዓይን ሌንስ ለመተካት ተራ ፕሮጀክተርን በጎባጣ መስታወት ላይ በማብራት ምስሉን ጉልላቱ ላይ ማስፋት የሚቻልበት ዘዴም አለ።

ጉልላትም ከሌለ ስቴላሪየም የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ስሌት ይሠራል። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በፍላሽም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሊተላለፍ ይችላል። ኬክሮሱን 11.3፣ ኬንትሮሱን 35.3 አድርጎ ቢያስገቡ የማንኩሽን ሰማይ ያሳያል። በመስታወት ለሚደረገው የጉልላት ዘዴ የሚሆን የምስል ማስተካከያም በውስጡ አለ። ማብራሪያውን በአማርኛ፣ በጉሙዝኛ ወይም በበርታ ቋንቋ መስጠት የአስረጂው ፋንታ ነው፤ ሥዕሉ ሁሉንም ያገለግላል።

ጥንቃቄ

ፀሐይን በባዶ ዓይን፣ በቴሌስኮፕ ወይም በባይኖኩላር መመልከት ዓይንን ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል። የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልምና የጠቆረ ጠርሙስ በቂ መከላከያ አይደሉም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የግርዶሽ መነጽር ከሌለ፣ በካርቶን ላይ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ አስተማማኝ መንገድ ነው፤ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ወረቀቱን ብቻ መመልከት ያስፈልጋል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላን ጨምሮ በአንዳንድ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ታይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ግብፅና በዓረቢያ ልሳነ ምድር በኩል የሚያልፍ ሙሉ ግርዶሽ በኢትዮጵያ በከፊል ይታያል። ወሩ ክረምት ስለሆነ ደመና ሊጋርደው ይችላል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ካርቶንና መርፌ ይዞ ለጠበቀ ክፍል ያ ቀን ያለ ጉዞ ወጪ የሚደረግ የሳይንስ ጉብኝት ነው።